ቆስሎ የተማረከ ወታደር፦ በዐድዋ እንዴት ተያዘ? ሕጉስ ዛሬ ምን ይላል?

ጥያቄ
ከ፦ የታሪክ መምህር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የውይይቱ ተሳታፊዎች።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ዐድዋ ድል በተማርንበት ሰሞን አንዲት ተማሪ ያነሳችው ጥያቄ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተመልሶ የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ በታሪክ፣ በሕግና በሕክምና ዕውቀት ላላችሁ ላቀርበው ወደድሁ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአንድ የጦር ሜዳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሠራዊት እጅ የወደቁ ሁለት ዓይነት ምርኮኞች ነበሩ። ጣሊያናውያኑ እየተመገቡና እየተጠበቁ ወደ መሐል አገር ተወስደው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት የአገር ተወላጆች፣ ማለትም አስካሪዎቹ፣ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ተማሪዋ ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ «ታዲያ ምርኮኛ አያያዛችን የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ሌላው ተማሪ ደግሞ ተቀብሎ፣ የወገን ቁስለኛና የጠላት ቁስለኛ አጠገብ ለአጠገብ ቢወድቁና ሐኪሙ አንድ ብቻ ቢሆን የራስን ትቶ የጠላትን ማከም ክህደት አይሆንም ወይ አለ።

በዐድዋ የቆሰሉት ምርኮኞች በእርግጥ ምን እንደገጠማቸው፣ በዚያ ዘመን ይህን የሚገዛ ሕግ ነበር ወይ፣ ዛሬስ አገራችንን የሚያስገድዳት ሕግ ምን እንደሚል የምታውቁ ብትጽፉልኝ፣ መልሳችሁን ለተማሪዎቼ አቀርበዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈልገው እውነቱ ሳይሸራረፍ እንዲነገራቸው ነው።


መልስ
ከ፦ የታሪክ አንባቢ

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ብዙዎቻችን በየካቲት በዓል ላይ ግማሹን ብቻ የምንናገረውን ነገር ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በዐድዋ የተማረኩት ጣሊያናውያን ቁጥር ወደ 1,900 ይጠጋል። ከአራቱ የብርጌድ አዛዦች አንዱ የነበረው ጄኔራል አልቤርቶኔም ከምርኮኞቹ መካከል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እነዚህን ሰዎች በሕይወት ማቆየታቸው የርኅራኄም የፖለቲካ ብልሃትም ውጤት ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ በጥር ወር፣ በመቀሌ ምሽግ ውኃ ተቋርጦበት የተጨነቀውን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር ከነመሣሪያው እንዲወጣ መፍቀዳቸው ይታወሳል፤ ስለዚህ የዐድዋው አያያዝ በድንገት የመጣ አልነበረም። ምርኮኞቹ በሰላም ድርድሩ ላይ ትልቅ ክብደት ነበራቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የውጫሌን ውል ሲሽር የምርኮኞቹንም መመለስ ወሰነ፤ ጣሊያንም በኋላ ለምርኮኞቹ ማቆያ የወጣውን ወጪ ለመተካት 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች።

ሆኖም የርስዎ ጥያቄ ስለ ምርኮኛ በጠቅላላው ሳይሆን ስለ ቆሰለ ምርኮኛ ነው፤ ልዩነቱም ከባድ ነው። ጤነኛ ምርኮኛ በእግሩ ይሄዳል። ጥይት ጭኑን የመታው ምርኮኛ ግን ከዐድዋ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ተራራና ቁልቁለት የሚወጣውና የሚወርደው በቅሎ ከተገኘለት ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው አዲስ አበባ የገቡት በግንቦት ነው። በዚያ ረጅም ጉዞ ላይ በቁስል፣ በተቅማጥና በድካም የሞቱ ምርኮኞች ነበሩ። በየመኳንንቱ ቤት የተከፋፈሉትም ዕጣቸው እንደ ባለቤቱ ጠባይና እንደ ጎተራው ይለያይ ነበር፤ አንዱ እንደ እንግዳ ተይዟል፣ ሌላው ቁራሽ ፍለጋ ተሯሯጧል። ይህን ስል ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጭካኔ ነበር ማለቴ አይደለም። የራሳችን ቁስለኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፣ አንዳንድ ግምቶችም እስከ 10,000 ያደርሷቸዋል፤ ለእነሱም ቢሆን ከወጌሻና ከባህል መድኃኒት በቀር ያላቸው አልነበረም። የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ሊረዳ ሲመጣ ጣሊያን በምጽዋ እንዲያልፍ ስላልፈቀደችለት በጅቡቲና በሐረር በኩል ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው በክረምት ነው፤ ያኔ ሊድን የሚችለው ቁስል ድኗል፣ የሚገድለውም ገድሏል። ከዚያ ቡድን ሥራ በኋላ የሩሲያ ሆስፒታል በከተማዋ መቋቋሙ ግን በሕክምና ታሪካችን ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ ነው።

ወደ አስካሪዎቹ ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ወደ 800 የሚጠጉ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈረደባቸው። በዘመኑ ልማድ ይህ የከዳተኛ ቅጣት ነበር፤ ፈራጆቹም እነዚህን ሰዎች ያዩዋቸው በገዛ አገራቸው ላይ የዘመቱ ከዳተኞች አድርገው እንጂ እንደ ጠላት ወታደር አልነበረም። ብዙዎቹ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። የተረፉትን በዚያው ዓመት አካባቢውን የጎበኘው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ዋይልድ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ከእነዚህ መካከል አስቀድሞ በጦርነቱ የቆሰሉ እንደነበሩ መገመት አያዳግትም፤ ለእነሱ ማረፊያ ይሆናቸዋል የተባለው ምርኮ ሁለተኛ ቁስል ሆነባቸው።

ለተማሪዎ እንዲህ ብለው ቢመልሱላት ደስ ይለኛል፦ ሁለቱም የእኛ ሥርዓት ነበሩ። በዚያ ሥርዓት የምርኮኛው ዕጣ የሚለየው በቁስሉ ወይም በሥቃዩ ሳይሆን ባዕድ ነው ወይስ የወገን ከዳተኛ በሚለው ሚዛን ነበር። ለባዕዱ የነበረን ቸርነት እውነት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ለአገሬው ልጅ ያሳየነው ጭካኔም እንዲሁ እውነት ነው፤ አንዱን ስናወሳ ሌላውን መደበቅ ለሟቾቹም ለተማሪዎቹም ፍትሕ አይሆንም።


መልስ
ከ፦ የሕግ ባለሙያ

ከላይ የቀረበው ታሪካዊ ማብራሪያ ለሕጉ ጥሩ መግቢያ ስለሆነ እኔ ከዚያው ልቀጥል።

በዐድዋ ጊዜ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1859 በሰሜን ጣሊያን በሶልፌሪኖ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ በሜዳ ቀረ። በአካባቢው የነበረው የጄኔቫ ነጋዴ ሄንሪ ዱናን በካስቲሊዮኔ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆኖ የሁሉንም ወገን ቁስለኞች ሲያስታምም ሰነበተ። በሰፊው የማይነገር አንድ ነገር አለ፤ ዱናን የተማረኩት የኦስትሪያ ሐኪሞች ተለቀው ቁስለኛ እንዲያክሙ ለፈረንሳዮች አመልክቶ ተፈቅዶለታል። በእኔ አስተያየት የዘመናዊው ሕግ ዋና ሐሳብ በዚህች አንዲት ውሳኔ ውስጥ አለ፦ ሐኪም ቢማረክም ሐኪም ነው፤ ቁስለኛም ቢማረክ ቁስለኛ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1864 እ.ኤ.አ.፣ አሥራ ሁለት መንግሥታት የፈረሙት የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 6 የቆሰሉና የታመሙ ተዋጊዎች የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆኑ እንዲነሱና እንዲታከሙ ደነገገ። ጣሊያን ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል አልነበረችም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ሕግ ያልታሰረ መንግሥት ለጣሊያናውያኑ ያደረገውን ያህል ማድረጉ በእርግጥ የሚመሰገን ነው።

አገራችን ወደ ሕጉ የገባችው በጭንቅ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ወር መንግሥት ስለ ቁስለኞችና ሕሙማን የተደረገውን የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን አራቱን የ1949 እ.ኤ.አ. ስምምነቶች ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በመስከረም 1962 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ተማሪዎ ለጠየቀው መልሱ ከእነዚህ ከአራቱ የ1949 ስምምነቶች በመጀመሪያው፣ በአንቀጽ 12 ላይ በማያሻማ ቃል ተቀምጧል። ቁስለኞች በዜግነት፣ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አቋም ሳይለዩ ይታከማሉ፤ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የሚወስነው አጣዳፊ የሕክምና ምክንያት ብቻ ነው። ሆን ብሎ ያለ ሕክምና መተው ክልክል ነው። ይኸው አንቀጽ የሚያፈገፍግ ጦር ቁስለኞቹን ለጠላት ትቶ ለመሄድ ቢገደድ፣ ወታደራዊው ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ፣ የሚያክሟቸውን ባለሙያዎችና መድኃኒት አብሮ እንዲተው ያዛል። ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ባለሙያውን በጠላት እጅ ትቶ መሄድ ማለት ነውና። ሕጉም በምላሹ የተማረከ የሕክምና ባለሙያ እንደ ተራ የጦር ምርኮኛ እንዳይቆጠርና ለምርኮኞቹ ሕክምና ካስፈለገ ብቻ እንዲቆይ ይደነግጋል።

በሦስተኛው ስምምነት ስለ ምርኮኞች ከተደነገገው የሚከተለው ለተማሪዎች መነገር ያለበት ይመስለኛል። ምርኮኛ ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ ያለበት ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ነው። በጉዳቱ ምክንያት ማንነቱን መናገር ያልቻለ ምርኮኛ ለሕክምና ክፍል ይሰጣል እንጂ ምርመራ አይደረግበትም። ወደ ኋላ ሲጓጓዝ እንደ ማራኪው ሠራዊት ወታደሮች ባለ ሁኔታ መጓጓዝ አለበት፤ ውኃ፣ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና ሊያገኝ ይገባል። ጉዞው ከመቆየት ይልቅ ለሕይወቱ አደገኛ የሚሆንበት ቁስለኛ ደግሞ ለጊዜው ባለበት ሊቆይ ይችላል። በካምፕ ውስጥ የሕክምና ክፍል መኖር አለበት፤ ሰው ሠራሽ አካልና መነጽርን ጨምሮ የሕክምናው ወጪ በማራኪው መንግሥት ይሸፈናል። አንቀጽ 13 ደግሞ ምርኮኛን ከሕዝብ ማላገጫነት ይጠብቀዋል። በአሁኑ ዘመን አልጋ ላይ የተኛ፣ ፊቱ በደም የተበከለ ምርኮኛ በስልክ ካሜራ እየተቀረጸ «ማን ላከህ?» ሲባል የሚታይበትን ምስል በፌስቡክና በቴሌግራም የምንቀባበል ሰዎች ሁሉ ይህን አንቀጽ ማወቅ ይገባናል፤ የዚያ ሰው እናትም ያንኑ ምስል ታየዋለችና።

ስለ አስካሪዎቹ ዓይነት ጉዳይ ዛሬ የሚኖረውን መልስ ልጨምር። መንግሥት የራሱን ዜጋ በክህደት ወንጀል በፍርድ ቤት ሊከስ ይችላል። አካሉን ሊያጎድል ግን ከቶ አይችልም። አራቱም ስምምነቶች በጋራ የያዙት አንቀጽ 3 የእርስ በርስ ጦርነትንም ይመለከታል፤ አካል ማጉደልንም በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፣ ቁስለኞች እንዲነሱና እንዲታከሙም ያዛል። በእርስ በርስ ጦርነት የተያዘ ተዋጊ «የጦር ምርኮኛ» የሚለውን ሕጋዊ ማዕረግ ባያገኝም ቁስሉ የመታከም መብቱ አይቀንስም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 271 በቁስለኞችና በሕክምና አገልግሎት ላይ፣ በአንቀጽ 272 ደግሞ በምርኮኞች ላይ የሚፈጸሙ የጦር ወንጀሎችን በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። ስለዚህ ይህ ሕግ ከጄኔቫ ብቻ የመጣ ሳይሆን በአዲስ አበባ የወጣ የራሳችንም ሕግ ነው።


መልስ
ከ፦ የአርበኛ ልጅ

በሁላችሁም ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሕጉን የፈረመችው ጣሊያን ራሷ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ስትደበድብ ሆስፒታሉን መታች። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ድንኳን በአውሮፕላን ደብድባ አልጋ ላይ የነበሩትን ቁስለኞች ገደለች፤ አንድ ስዊድናዊ ረዳትም አብሯቸው ሞተ። በየካቲት መጨረሻ ገደማ ደግሞ በቆረም የእንግሊዞቹ ቀይ መስቀል ተደበደበ። የእኛ ቁስለኞች በድንኳን ውስጥ ሲቃጠሉ ሕጉ የት ነበር? አንዱ ወገን ሕግ ሲያፈርስ ሌላው ብቻውን እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሕ ነው ወይ? ይህን የምጠይቀው ለበቀል አይደለም፤ ተማሪዎቹ ይህንኑ መጠየቃቸው ስለማይቀር ነው።


መልስ
ከ፦ የሕግ ባለሙያ

ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ድርጊቶች ሁሉ ተፈጽመዋል፤ ማንም ሊክዳቸው አይችልም። ነገር ግን የመልካ ዲዳን ድብደባ ጣሊያኖች ያቀረቡበትን ምክንያት ይመልከቱ። ከአራት ቀን በፊት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ሚኒቲ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ በደገሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ወድቆ ከተያዘ በኋላ ተገድሎ ነበር። ጣሊያኖች በሆስፒታል ድንኳን ላይ ቦምብ ሲጥሉ «ይህ የአብራሪያችን በቀል ነው» አሉ። እንግዲህ በአንድ የተማረከ ሰው ላይ የተፈጸመ ግድያ ጣሊያን ለመግደል ላሰበችው ሁሉ ሰበብ ሆነላት፤ የሞቱት ደግሞ ከአብራሪው ጋር ምንም ያልነበራቸው የእኛው ቁስለኞች ናቸው።

ሕጉ በቀልን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው የ1949 ስምምነት አንቀጽ 46 በቁስለኞች፣ በሕክምና ባለሙያዎችና በሆስፒታሎች ላይ የሚደረግ የብድር ምላሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የጠላት ጥፋት ለእኛ ፈቃድ አይሆንም፤ ምክንያቱም በቀሉ የሚያርፈው ጥፋቱን በፈጸመው አዛዥ ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ በተኛ ሰው ላይ ነው።


መልስ
ከ፦ ቀዶ ጥገና ሐኪም

መምህር ሆይ፣ ሁለተኛው ተማሪዎ ለጠየቀው ከሕክምናው በኩል ልመልስ፤ በጦርነት ቁስል ላይ ስለሠራሁ ነው።

አንድ መኪና ሁለት ሰው ይዞ መጣ እንበል። አንደኛው የወገን ወታደር ነው፤ ክንዱ ተሰብሯል፣ ያቃስታል፣ ደሙ ግን ቆሟል። ሌላው ምርኮኛ ነው፤ አይጮህም፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ የልብ ምቱ ፈጣንና ደካማ ነው፣ ሆዱም ጠጥሯል። ቀድሞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ ሆዱ ውስጥ እየደማ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዩኒፎርሙን በመቀስ ቀድደን ካወለቅነው በኋላ በፊታችን ያለው አካልና የደም ግፊት ቁጥር ብቻ ነው። የጉዳታቸው ደረጃ እኩል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ይቀድማል። ወታደሮች በበር ላይ ቆመው «የእኛን ልጅ ትታችሁ?» ሲሉ ይሰማል፤ ሐዘናቸውም የሚገባ ነው። የወገኑን ወታደር ግን አልተውነውም፤ ክንዱ ተደግፎ ማስታገሻ ተሰጥቶታል፣ ሁለት ሰዓት መጠበቁ አይጎዳውም።

በሥራ ላይ ያየሁት የምርኮኛ ቁስለኛ ልዩ ችግር መዘግየት ነው። በሜዳ ላይ የወገን ቁስለኛ ቀድሞ ስለሚነሳ ምርኮኛው ወደ ሐኪም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው። ቁስሉ አፈርና የልብስ ቁራጭ ይዞ ይመጣል፤ ደም ማቆሚያ ማሰሪያው ከታሰረ ብዙ ሰዓት አልፎታል፣ መቼ እንደታሰረም የጻፈ የለም። ማሰሪያ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ እግሩን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ ሕይወቱን ለማትረፍ እግሩን መቁረጥ ግድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሜዳ ያለ ማንኛውም ወታደር የጠላቱን እግር ሲያስር ሰዓቱን በግንባሩ ላይ ወይም በማሰሪያው ላይ ቢጽፍ ብቻ ትልቅ ነገር አደረገ ማለት ነው። ሌላው የተለመደ ጥፋት ለመልካም ታስቦ የሚደረግ ነው፤ የጥይት ቁስል በመጀመሪያው ቀን በክር ተሰፍቶ ይዘጋል። የጥይት ቁስል መታጠብ፣ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ መውጣት፣ በጎዝ ተሸፍኖ ክፍት መተው፣ ከአራት ወይም አምስት ቀን በኋላ ንጹሕ ከሆነ ብቻ መዘጋት አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይዘነጋም።

ከዚያ ቀጥሎ ፍርሃቱ አለ። ምርኮኛው ማደንዘዣ ሊሰጠው ሲል እንዳይቆርጡኝ ብሎ እጃችንን ይይዛል። ከላይ የተጻፈውን የዐድዋ ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ይረዳል። በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው ተፈልጎ ምን እንደሚደረግለት ሊነገረው ይገባል፤ ቀዶ ጥገናን እምቢ የማለት መብትም አለው። ጠባቂ ወታደር በክፍሉ በር ላይ ቢቆም ችግር የለውም። ሆኖም የተሰበረ እግር ከአልጋ ብረት ጋር አይታሰርም፣ ከማደንዘዣ ገና ያልነቃ ሰውም ስለ ክፍለ ጦሩ አይጠየቅም። እነዚህን ነገሮች አንድ የነርስ ኃላፊ በጽናት ስትከለክል አይቻለሁ፤ አዛዡም ሰምቷታል።


ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ የታሪክ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተማሪዎቼ ይህ ሁሉ ለሀብታም አገሮች የተጻፈ ሕግ ነው ይላሉ፤ የራሳችን ወታደር በቂ መድኃኒት በማያገኝበት አገር ለምርኮኛ ከየት ይመጣል ነው የሚሉት። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በዚህ ረገድ ተመርምሯል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ተወሰነ? በተጨማሪም ክፉኛ የቆሰለ ምርኮኛ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ መቆየት አለበት ወይ?


መልስ
ከ፦ የሕግ ባለሙያ

የተማሪዎችዎ ጥያቄ በቀጥታ በፍርድ ተመልሷል። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት በሄግ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የይገባኛል ጥያቄዎች ኮሚሽን ስለ ጦር ምርኮኞች ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ሁለት ውሳኔዎችን ሰጥቷል፤ አንዱ በኢትዮጵያ ክስ ላይ፣ ሌላው በኤርትራ ክስ ላይ። ሁለቱም መንግሥታት በተለያየ መጠን ተጠያቂ ሆነዋል፤ እኔም ውሳኔዎቹን ያነበብኳቸው በሐዘን ነው።

ኮሚሽኑ የጦር ሜዳንና የካምፕን መለኪያ ለይቶ አይቷል። በግንባር ላይ፣ ጥይት እየተተኮሰ፣ ተራ ወታደር ያለው ጥቂት ፋሻና ጥቂት ሥልጠና ብቻ በሆነበት ሁኔታ የሚጠበቀው ሕክምና በዚያው ልክ መመዘን አለበት ብሏል። ምርኮኛው ካምፕ ከደረሰ በኋላ ግን መለኪያው ይለወጣል። ሁለቱ አገሮች የበለጸጉ አገሮችን ያህል የሕክምና ደረጃ እንዲኖራቸው እንደማይጠበቅ ተቀብሎ፣ የገንዘብና የመሠረተ ልማት እጥረት ግን ሕጉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ የሕክምና ደረጃ በታች ለመውረድ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ወስኗል። ለተማሪዎችዎ ይህን ያንብቡላቸው። ኤርትራ በካምፖቿ ለኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በቂ ሕክምና ባለመስጠቷ፣ ኢትዮጵያም በዴዴሳ ካምፕ የሚጠበቀውን የሕክምና ደረጃ ባለማሟላቷ ተጠያቂ ሆነዋል።

ከውሳኔዎቹ ውስጥ በአእምሮዬ የቀረው የጫማ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም ወገን የተማረኩ ወታደሮች ጫማቸው ተወስዶ በባዶ እግር በእሾህና በድንጋይ ላይ እንዲጓዙ መደረጋቸው ተረጋግጦ ሁለቱም መንግሥታት ተጠያቂ ሆነዋል። ጫማ አለመውሰድ መድኃኒት፣ ሐኪም ወይም በጀት አይጠይቅም። የድህነቱ መከራከሪያ እዚህ ላይ ምንም ቦታ የለውም፤ ቁስለኛ ሰው በባዶ እግሩ ሲሄድ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሌላው ትልቅ ነጥብ የጎብኚ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ምርኮኞችን እንዲጎበኝ ስትፈቅድ፣ ኤርትራ ስምምነቶቹን እስከተቀበለችበት እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ ከልክላ ነበር። ኮሚሽኑ ክልከላው ልማዳዊውን ዓለም አቀፍ ሕግም ይጥሳል አለ። የቆሰለ ምርኮኛ ማለት ስሙን የሚያውቅለት፣ ቁስሉ እየተባባሰ መሆኑን የሚናገርለት ሰው የሌለው ማለት ነው፤ ስሙ ተመዝግቦ ለቤተሰቡ ሲደርስ ግን አያያዙን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ማራኪውም ያውቃል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ በሦስተኛው ስምምነት ከአንቀጽ 109 እስከ 117 ተመልሷል። ክፉኛ የቆሰሉና በጠና የታመሙ ምርኮኞች ጦርነቱ እስኪያልቅ አይጠበቁም፤ ለጉዞ የሚበቁ ሲሆኑ በቀጥታ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ማን እንደሚመለስ እንዲመረምር ከገለልተኛ አገር ሁለት፣ ከማራኪው ወገን አንድ ሐኪም ያሉበት ድብልቅ የሕክምና ቦርድ ይቋቋማል። ጤነኞቹ ደግሞ ውጊያው እንደቆመ ሳይዘገዩ መለቀቅ አለባቸው፤ ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ኅዳር ወር የለቀቀቻቸውን 1,287 ኤርትራውያን ምርኮኞች 74 ቀን በማዘግየቷ ተጠያቂ የሆነችው በዚህ ግዴታ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሚመለሰውን ቁስለኛ በተመለከተ ሁለት ገደቦች አሉ፦ ጦርነቱ እየቀጠለ ሳለ ቁስለኛው ወደ አገሩ መመለስን ካልፈለገ በግድ አይመለስም፤ የተመለሰውም እንደገና በንቁ ወታደራዊ አገልግሎት ሊሰማራ አይችልም።